ሼፍ ማለት አብሳይ አይደለም፦ አራት ቀን በድሬዳዋ

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ተመልሼ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ነው። አገሩ ቀዝቅዟል፤ እኔ ግን ገና አልበረደልኝም። ድሬዳዋን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩት ለክፍሌ ልጆች ያየሁትን በየቀኑ ተራ እነግራችኋለሁ። ከመሄዴ በፊት ደብተሬ ላይ የማያቸውን ቦታዎች ጽፌ ነበር፦ አሮጌው ባቡር ጣቢያ፣ መጋላ፣ ከፊራ ገበያ፣ የለገ ኦዳ ዋሻ ሥዕሎች። ግማሹን አላየሁም። ለምን እንደሆነ ስትሰሙ እናንተም ትናደዳላችሁ።

ሐሙስ

ዋዜማውን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አደርንና ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ እኔና እማዬ ብቻ። እማዬ የድሬዳዋ ልጅ ነች። አባቷ፣ ማለትም አያቴ አባባ ደምሴ፣ ዕድሜውን ሙሉ በምድር ባቡር የሠራ ሰው ነው። ድሮ እሱ ነበር ወደ እኛ የሚመጣው። ጉልበቱ እምቢ ካለው ወዲህ በስልክ ብቻ ሆነ፤ እኔም አሥራ ስድስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ የሚኖርበትን አገር አላየሁም ነበር።

የሄድንበት ምክንያት ይኼ ነው። አንዲት የከተማዋን ታሪክ የምታሳይ ትንሽ ኤግዚቢሽን ተከፍታለች። ከግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፎቶዎች አንዱ የአባባ የወጣትነት ፎቶ ነው። እሱ ራሱ አላየውም። በስልክ እማዬን «እናንተ ሳትመጡ አልገባም፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብረን ነው የምናየው» አላት። ለጎረቤቱ ሁሉ ነግሯል። ጸጉሩን ተቆርጧል፤ ኮቱን አስተኩሷል። አንድ ሰው በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን ለማየት እንዲህ ሲሰናዳ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ትረዳላችሁ።

መንገዱ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አባቴ ለአባባ ስጦታ ብሎ የደብረ ብርሃን ቅቤ አስይዞን ነበር። እኛ ቤት ቅቤ በቢላ የሚቆረጥ ድንጋይ ነው። አዋሽ ስንደርስ ውሃ ሆነ። ክዳኑ አልገጠመም ነበር፤ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ የእሁድ ቀሚሴን አጠመቀው። «ላይ ይሁን» ብዬ ነበር፤ እማዬ «ቅቤ ላይ ከተቀመጠ ይሰረቃል» ብላ እታች አደረገችው። እስከ ሚኤሶ አላናገርኳትም። አውቶቡሱ ደግሞ ቅቤ ቅቤ እየሸተተ ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች «የማን ሠርግ ነው?» እያሉ ይስቃሉ።

ከደንገጎ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ሙቀቱ አንድ ደረጃ ይጨምራል። ያን ጊዜ የገረመኝ እማዬ ነች። ደብረ ብርሃን እማዬ አንገቷን ደፍታ «ይሁን እንጂ» የምትል ሴት ነች። እታች ስንደርስ ለረዳቱ «አቦ እዚህ ጋ አውርደን፣ ምን ነካህ አንተ» ስትል ሰማኋት። ረዳቱ በዕድሜ ይበልጣታል። እሱም ምንም አልመሰለው። «ሀዬ» ብሎ አወረደን፤ እሺ ማለቱ ነው።

አባባ የሚኖረው ከዚራ ነው፤ ዛፉ የመንገዱን ግራና ቀኝ የገጠመበት ሰፈር። እኔ አባቴ እንዳሳደገኝ ጎንበስ ብዬ «እንደምን ነዎት አባባ» አልኩት። ወደ ኋላው ዞር ብሎ ተመለከተና «ከኋላዬ ሌላ ሰው አለ እንዴ? ብቻዬን ነኝ እኮ» አለኝ። ሊቀበሉን የመጡት ጎረቤቶች ሁሉ ሳቁ። ሰላምታዬን በሳቅ ተቀበሉት፤ እዚያ ለትልቅ ሰውም «አንተ» ነው። ብቻ ጎረቤቱ አዴ ፋጡማ፣ እማዬን እንደ ልጃቸው ያሳደጉ ሴትዮ፣ አልሳቁም፤ አዴ እንደኛ «እማማ» ማለት ነው። ቦርሳዬን ከእጄ ወስደው ቀሚሱን አወጡ፣ አሸተቱትና ይዘውት ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ወንበር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ቅቤ ከልብስ እንደሚለቅ እንኳ አላውቅም ነበር።

ዓርብ

ቁርስ ፈጢራ በላን። እንደ ወረቀት የሳሳ ሊጥ ነው፤ በእንቁላል አጣጥፈው ይጠብሱትና ማር ያፈሱበታል። እኛ ጠዋት የምንበላው ቂንጬ ከዚህ በኋላ እንዴት እንደሚወርድልኝ አላውቅም። ይህን ያህል አመስግኛለሁ፤ አሁን ወደ ንዴቴ።

በባጃጅ ወደ መጋላ ስሄድ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ተሻገርን። ደብተሬ ላይ «ድሬዳዋ ወንዝ ያላት ከተማ ናት» ብዬ ጽፌ ስለነበር ሾፌሩን ወንዙ የታለ አልኩት። «ይኸው ደቻቱ፣ እየተሻገርሽው» አለኝ። የኛ የበሬሳ ወንዝ ቢያንስ ውሃ አለው። እዚህ ወንዙ ላይ ፍየል ተኝቷል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ማታ ለእማዬ ይህን ስቀልድ ፊቷ ተለወጠ። «በደቻቱ አይቀለድም» አለችኝና ጎርፍ የወሰዳቸውን የልጅነት ጎረቤቶቿን ስም አንድ በአንድ ጠራች። ሳይጠሩት የሚመጣ ወንዝ ነው አለች። ከዚያ በኋላ በወንዙ አልቀለድኩም።

መጋላ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ አንዱ ሱቅ ላንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ጨርቅ፣ ቅመም፣ ሀላዋ የሚባለውን ጣፋጭ ይሸጣል። አንድ ነጋዴ በኦሮምኛ ጀመረኝ፣ ዝም ስል በሶማሊኛ፣ ዝም ስል በአማርኛ። «ምላስሽን ቤት ረሳሽው እንዴ?» አለኝና ሀላዋ አቀመሰኝ። እኛ አገር ሱቅ ውስጥ ሰው ካልገዛ አይቀምስም።

ከዚያ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆሜ ሕንጻውን ከውጭ ሳይ፣ የአባባን ፎቶ ቀድሜ ላየው ልቤ ተነሳ። «አብረን ነው የምናየው» ማለቱን አውቃለሁ። ግን ሁለት ቀን መታገሥ አልቻልኩም። ብቻዬን ወደ ኤግዚቢሽኗ ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ነበር። ተዘግታለች።

እዚህ ላይ ስለ ድሬዳዋ አንድ ነገር እወቁ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ይዘጋል። ሱቁ፣ ቢሮው፣ ውሻው ሳይቀር። ከሙቀቱ ሸሽተው አንዳንዱ ይተኛል፣ አንዳንዱ በርጫ ላይ፣ ማለትም ጫት ላይ ነው። ማንም በቁሙ የለም። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ዘጠኝ ተኩል ይከፈታል ይላል። ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ፤ ማንም የለም። አሥር ሰዓት ላይ አንዲት ቀይ ሻሽ የለበሰች ሴት የሻይ ፔርሙዝ ይዛ ቀስ እያለች መጣች። ስሟ ሙና ነው፤ ክፍሏን የምትጠብቀውም፣ የምታስጎበኘውም፣ የምትጠርገውም እሷ ነች። «ቆየሽ እንዴ? ድሬ እኮ ነው» አለችኝ። ይህ ለእሷ መልስ ነው።

ገባሁ። የድሮ ፋኖስ፣ የቲኬት መብሻ፣ ከዚያ ፎቶዎች። ሦስተኛው አባባ ነው። ቀጭን ወጣት፣ ፉርጎ ላይ ቆሞ፣ ኮፍያው ዘንበል ብሎ። እማዬን ቁርጥ። ልቤ ሞቅ አለ። ከዚያ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ።

«አቶ ደምሴ ወልደየስ፦ የባቡሩ ዋና ምግብ አብሳይ።»

መጀመሪያ ሌላ ሰው መሰለኝ። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ሙናን «ይህን ማነው የጻፈው?» አልኳት።

«ምን ሆንሽ አቦ?»

«አያቴ አብሳይ አይደለም።»

«የሠራተኞቹ ዝርዝር ላይ ሼፍ ነው የሚለው። ሼፍ ደግሞ አብሳይ ነው። እዚህ ማዶ ያለው ሆቴል እንኳ ሼፍ እንፈልጋለን ብሎ ለጥፏል።»

«ሼፍ ደ ትራን ነው! የባቡሩ አለቃ ማለት ነው።»

«ደ ትራን የባቡር ማለት ነው፤ እሱን አውቃለሁ። የባቡር ሼፍ። የባቡር አብሳይ። ሰው እንዲገባው ብዬ ወደ አማርኛ መለስኩት» አለችና ረጋ ብላ ሻይዋን ቀዳች። «ወላሂ ‹ዋና› የሚለውን እኔ ነኝ የጨመርኩለት። ለክብሩ።»

ለክብሩ! ያኔ የተናገርኩትን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን አላሳፈረኝም። የማያውቁትን ነገር ከመጻፍ ግድግዳውን ባዶ መተው ይሻላል አልኳት። ፈገግታዋ ጠፋ። ኃላፊዋ ከተማ ውስጥ እንደሌለ፣ እሷም በአፍ በመጣ ነገር ጽሑፍ እንደማትቀይር፣ ማስረጃ ካለኝ እንዳመጣ ነገረችኝና ፔርሙዙን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

ቤት ስደርስ እማዬን ለብቻዋ ወስጄ ነገርኳት። አብራኝ ትናደዳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ትንሽ አሰበችና «ተይው። ዓይኑ ደክሟል፤ ጽሑፉ ደቃቅ ከሆነ አያነበውም። ፎቶውን አይቶ ደስ ብሎት ይመለስ» አለችኝ። ከአብሳዩ ይልቅ ይህ አናደደኝ። ጎረቤቱ ሁሉ አብሮት ይገባል፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነበበው እንደሆነስ? አባባ አያነብም ብሎ ማሰቡ ራሱ ምን ይባላል?

ቅዳሜ

ቅዳሜ የለገ ኦዳ ቀን ነበር። የአዴ ፋጡማ ዘመድ በመኪናው ሊወስደን ተቀጥሮ ነበር። ዋሻው ውስጥ የጥንት ሰዎች የሳሏቸው ከብቶች አሉ ይባላል፤ እኔ አላየኋቸውም። እማዬ ሄደች፣ እኔ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ከብቶቹ ያን ሁሉ ዘመን ጠብቀዋል፤ እሁድ ግን ነገ ነው።

አባባን ለትምህርት ቤት ስለ ባቡር እጽፋለሁ ብዬ የሥራ ደብተሩን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠው፣ በፈረንሳይኛ የተሞላ ትንሽ ደብተር ነው፤ ማኅተሙ አሁንም ሰማያዊ ነው። ጭኑ ላይ አድርጎ ገጹን በጣቱ ጫፍ ነው የሚገልጠው።

«ሾፌሩ ባቡሩን ይነዳል» አለኝ፣ «ሼፉ ካላፏጨ ግን ሾፌሩ ንቅንቅ አይልም። ሚኒስትር ቢሳፈርም ሼፉን ይጠብቃል።»

ይህን ሲል ወገቡ ቀጥ አለ። እኔ ደግሞ «ምግብ አብሳይ» የሚለው ጽሑፍ ዓይኔ ላይ ነው። ደብተሩን ለአንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ አልኩት። እምቢ አለ። ከቤት ወጥቶ አያውቅም አለ። ለመንኩት፣ እምቢ። በመጨረሻ ንዴቴ ገነፈለና «አንተ ደግሞ ግትር ነህ» አልኩት። አፌን በእጄ ያዝኩ። አባባ ደብተሩን ዘጋና ሳቀ። «አሁን ገና የልጄ ልጅ መጣች» አለ። ደብተሩን ግን አልሰጠኝም፤ በስልኬ ፎቶ አንሺው አለኝ።

ወደ ሙና በረርኩ፤ ከስድስት ሰዓት በፊት መሆኑን አረጋግጬ። ፎቶውን አየች፣ አጎላችው፣ ፈረንሳይኛ ለሚያውቅ አጎቷ ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ቀልቷል። ይቅርታ አላለችም። ይህን ለሁለት ወር ስንቱ ሰው አንብቦታል ብላ ብቻ ራሷን ያዘች። ጽሑፎቹን ሁሉ የጻፈችው እሷ ነች፤ ብቻዋን፣ ማንም ሳያግዛት። «አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ተሳስተሻል አላለኝም። ሁሉም ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል» አለች። ያኔ ንዴቴ ከእሷ ላይ ወርዶ የት እንደሚቀመጥ ጠፋው።

ለማሳተም ሄድን። ማተሚያ ቤቱ መብራት የለውም። የሌላው ማተሚያ ቤት ባለቤት ሰኞ ነው የሚመለሰው አሉን። የሙናም ንዴት ተነሥቶ ሁለታችንም እየተናደድን ተመለስን። ከዚያ የሀላዋ ካርቶን ነጩን ገጽ በመቀስ ቆረጠችና ማርከር ሰጠችኝ። «ናያ፣ የማያውቁትን አይጻፉ አላልሽም? አንቺ ካወቅሽ ጻፊያ» አለችኝ። ናያ ሶማሌዎች ሴት ልጅ የሚጠሩበት ቃል ነው።

ሁለት ካርቶን አበላሸሁ። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «አቶ ደምሴ ወልደየስ። ሼፍ ደ ትራን፣ ማለትም የባቡሩ አለቃ። ሼፉ ካላፏጨ ባቡሩ አይነሣም።» ሙና የድሮውን ነቅላ የኔን ለጠፈች። እስክንዘጋ ድረስ ራቅ ብዬ፣ ቀረብ ብዬ፣ ከጎን ሆኜ አየሁት። የክፍሌ ልጆች፣ እኔ እስከ ዛሬ የጻፍኩት ሁሉ ደብተር ውስጥ ተዘግቶ የቀረ ነው። አሁን ግድግዳ ላይ ነኝ። ሙና ሻይ ቀዳችልኝ፤ ቅርንፉድ የበዛበት፣ ስኳር የበዛበት። ጠጣሁት።

እሁድ

ከቅዳሴ መልስ አባባ በኮቱና በባርኔጣው ባጃጅ ውስጥ ለመግባት ብዙ ታገለ። ጉልበቱ አልታጠፍ ስላለ ከሾፌሩ አጠገብ አስቀመጥነው፤ አዴ ፋጡማ፣ እማዬና እኔ ከኋላ ተደራረብን። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ስሙን እየጠራ ሰላም ይለዋል። ደብረ ብርሃን ሽማግሌ ሲያልፍ ባርኔጣ ይነሣለታል፤ እዚህ «ደምሴ፣ ሙሽራ ሆንክ?» ይሉታል።

ሙና በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ክፍሏን ሁለት ጊዜ ጠርጋለች። አባባ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቃት፤ አያቷን አወቃቸው። ከዚያ ፎቶዎቹን በከዘራው እየነካካ ሊያልፍ ሲል ሙና «አትንካ አንተ» አለችው፣ እሱም እሺ አለ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ቆመ።

ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መነጽሩን አውጥቶ አደረገና ወደ ጽሑፉ ጎንበስ አለ። እማዬ አያነብም ያለችው ሰው እያንዳንዱን ቃል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ቀና አለ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ አባባ» አልኩ። ድምፄ ሳይቀር ፈገግ ብሏል።

«ጽሕፈትሽ ያምራል» አለኝ። «ግን ውሸት ነው።»

የሰማሁት አልመሰለኝም። ከዘራውን አነሣና፣ ሙና አትንካ ሳትለው፣ የፎቶውን አንድ ቦታ ጠቆመ። ቀኝ እጁ ክብ ብረት ይዟል። እኔ ደገፍ ያለበት መስሎኝ ነበር።

«ይህ ፍሬኑ ነው። በዚህ ጊዜ ፍሬን ያዥ ነበርኩ። ቁልቁለቱ ላይ እሱን የምጠመዝዝ። ሼፍ የሆንኩት ስንት ዓመት ቆይቼ ነው።»

«ታዲያ በኋላ ሆነህ የለም?» አልኩት። «ደብተሩ ላይ አይቻለሁ።»

«በኋላ ሌላ ፎቶ ነው።»

«ሌላ ፎቶ አለህ?»

«የለኝም።»

እማዬ «ይሁን አባባ፣ ልጅቷ ለፍታበታለች» አለችው። አዴ ፋጡማም ሰው በትልቁ ማዕረጉ ነው የሚጠራው አሉ። አባባ ራሱን ነቀነቀ። «ባቡሩ እዚሁ ሽንሌ ቆሞ ሳለ ጅቡቲ ገብተናል ብሎ የሚጽፍ ሼፍ በማግስቱ ተባሮ ቤቱ ነው» አለ። «ከጎኔ የነበሩት ያውቁኛል። ገሚሶቹ ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ግን እዚሁ ናቸው። መጥተው ሲያነቡ ደምሴ ያኔ ሼፍ ነበር እንዴ ይበሉ?»

ያኔ ነው የነደድኩት። ለገ ኦዳ የቀረሁበት፣ ከሙና የተጣላሁበት፣ ሦስት ካርቶን የጨረስኩበት ለዚህ ነው? «እንዲያማ ከሆነ አብሳይ ብለው ጽፈውልህ ነበር፣ ብተወው ይሻል ነበር» አልኩት። ልደብቀው የሞከርኩትን በገዛ አፌ አወጣሁት። ሙና መሬት መሬት አየች።

አባባ ሙናን አየ፣ እኔን አየ፤ ገባው። «አብሳይማ አልሆንም» አለ። «እንቁላል እንኳ ያርርብኛል።» ሙና ሳቋ አመለጣት። እሱ ግን አልሳቀም። ወንበር አስመጥቶ ከፎቶው ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ ከዘራውን በሁለት ጉልበቱ መሃል አቆመና ሙናን «ካርቶን ስጫት» አላት። ለኔ ደግሞ «ተቀመጪ፣ እነግርሻለሁ፣ ጻፊ» አለኝ።

«ሼፉ ካላፏጨ የሚለውን ልተወው?» አልኩት። በጣም ነበር የወደድኩት።

«እሱ የኔ አይደለም፤ ያኔ የሚያፏጨው ሌላ ሰው ነው። የኔ ሥራ ፉጨቱን ሰምቶ መልቀቅ ነበር።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ቃል በቃል ነገረኝ፣ እኔም ጥርሴን ነክሼ ጻፍኩ። «ደምሴ ወልደየስ። ፍሬን ያዥ።» አቶ የሚለውንም አስወጣው፤ ያኔ ማንም አቶ አይለኝም ነበር አለ። ማርከሩን በንዴት ስጫነው «ፍ» ወደ ጎን ዘመመች። ሌላ ካርቶን አልጠየቅሁም። ሙና ካርቶኗን «ፍ» እንደዘመመች ለጠፈቻት፤ አባባም ተነሥቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከሥሯ ቆሞ ፎቶ አንሱኝ አለ።